የሶባ ጡብና የሶባ ጭቃ
መጠለያ ፍለጋ በካርቱም ዳርቻ

እኛ ጥቁር ዓባይ በምንለው ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከካርቱም መሐል ከተማ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ርቆ፣ ሶባ የተባለች የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ሶባ የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በዐሥረኛው መቶ ዓመት የኖረው ኢብን ሰሊም አል አስዋኒ ያማሩ ሕንጻዎች፣ በወርቅ የበለጸጉ አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ሥፍራዎች እንደነበሯት፣ ከውጭ ለመጡ እስላሞችም የተለየ ማረፊያ ሰፈር እንደነበረባት ጽፎ አልፎአል። ይህች ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር 1500 ገደማ ወደቀች። ሱዳናውያን ጥፋቷን ዐጁባ በምትባል በአንዲት ሴት ተንኰል ያሳብባሉ፤ አንድ ነገር ድምጥማጡ ሲጠፋም «የሶባ ጥፋት» ይሉታል።

ጡቧ ግን አልጠፋም። ግብፅን ይገዛ የነበረው የመሐመድ ዓሊ ጦር በ1821 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሱዳንን ከያዘ በኋላ ካርቱም ስትቆረቆር፣ የሶባ ቀይ ጡብ እየተነቀለ በጀልባ ወደ አዲሲቱ ከተማ ተጓዘ። የመንግሥት ቤቶችና የሹማምንት መኖሪያዎች በእርሱ ተሠሩ። ሶባ ለካርቱም መጠለያ ሰጥታ ራሷ ምድረ በዳ ሆነች ማለት ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመታት ያህል በኋላ ደግሞ ካርቱም ቤት የነሣቻቸው ሰዎች ወደዚያው ወደ ሶባ አካባቢ ሄደው፣ ጡብ ባይኖርም ጭቃ አለና፣ ጭቃ አቡክተው ቤት ሠሩ። በዚህ ጽሑፋችን የምንመለከተው የእነዚህን ሰዎች የመጠለያ ፍለጋ ነው። ነገሩ የጎረቤት ሀገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ በዚያች ከተማ ዳርቻ ጣራ ፍለጋ ከተንከራተቱት መካከል የእኛ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አልነበረም።

ፍርስራሹ ካለበት ማዶ፣ በወንዙ ምዕራብ፣ ሶባ አራዲ የተባለ ሰፈር አለ። አራዲ በዐረብኛ «መሬቶች» ማለት ነው። ስሙ ሰፊ ቢመስልም ሰፈሩ የተመሠረተው ማንም ልብ ብሎ ባልፈለገው ደረቅ ሜዳ ላይ ነበር። መጀመሪያ የመጡት በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከብታቸው ያለቀባቸው የዳርፉርና የኮርዶፋን ሰዎች ሲሆኑ፣ በ1975 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰውን ጦርነት የሸሹት ደግሞ እየጨመሩ ሄዱ። የኑባ ተራሮች ሰዎችም ተከተሏቸው። መንግሥት ያሰፈረው አንድም አልነበረም፤ ቀድሞ የመጣ ዘመድ ኋላ ለሚመጣው ቦታ እያሳየ ሰፈሩ በራሱ አደገ።

እንዴት ቤት እንደሚሠራ መግለጹ ጠቃሚ ይመስለናል። አዲስ መጥ በመጀመሪያው ሌሊት የሚያድረው ከሚያውቀው ሰው ግቢ ነው። በማግሥቱ እንጨት፣ ሳርና ማዳበሪያ ጆንያ ፈልጎ ራኩባ ይተክላል። ራኩባ ከአራት ቋሚ በላይ ከለላ ብቻ ያለው ዳስ ነው፤ ከፀሐይ ያስጥላል፣ ከዝናብ አያስጥልም። ሰውየው የቀን ሥራ አግኝቶ ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር ጃሉስ ወደሚባለው የጭቃ ቤት ይሸጋገራል። ጃሉስ ጡብ የለበትም። ጭቃው ከገለባና ከእበት ጋር ተቦክቶ በእጅ ዙሪያውን ይደረደራል፤ አንዱ ድርድር ሳይደርቅ ሌላው አይጫንበትም፤ ስለዚህ ግድግዳው የሰው ቁመት እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል። ጎረቤቶች ተሰብስበው የሚሠሩበት ልማድ ነፊር ይባላል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። ባለቤቱ ምግብና ሻይ ያቀርባል፤ ነገ ለሌላው ይሠራል። ውሃ በአህያ ጋሪ እየተጫነ በበርሜል ይሸጣል፤ ድኻው ከከተማው መሐል ነዋሪ ይልቅ ለውሃው አብልጦ የሚከፍልበት ምክንያትም ይኸው ነው። የሚሸናውን ሰብስቦ የሚያስወግድ መሥሪያ ቤት የለም፤ መብራት የለም፤ ሐኪም ቢፈለግ ቅርቡ በዚያው አካባቢ ያለው የሶባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲሆን፣ እዚያ ለመግባትም ገንዘብ ያስፈልጋል።

እንዲህ የተሠራ ቤት ሁለት ጠላቶች ነበሩት። አንደኛው ውሃ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 1980 ዓ.ም. ምሽት በካርቱም ላይ የወረደው ዝናብ ከሁለት መቶ ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ይህ ከተማዋ በአማካይ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ጃሉስ ከሥሩ ውሃ ከጠጣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ግድግዳው በተኙት ላይ ተናደ። ቤት አልባ የሆነው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደነበር በዘመኑ ተነግሯል። ከማንም በፊት የተጎዱት በከተማዋ ዳርቻ በረባዳ ሥፍራ የሰፈሩት ናቸው። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ጎርፉ በድጋሚ ሲመጣ ወጣቶች ራሳቸውን አደራጅተው ላስቲክና ምግብ ያዳረሱ ሲሆን፣ ለማኅበራቸው ያወጡት ስም ያ የመንደር ልማድ፣ ነፊር፣ ነበር።

ሁለተኛው ጠላት ወረቀት ነው። ስለ ውሃው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወረቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ እኛም የምንቆይበት በዚህ ላይ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የጃፋር ኒሜሪ መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። በመዝገብ ያልሰፈረ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ነው። በሱዳን ምድር አብዛኛው መሬት በልማድ እንጂ በመዝገብ የተያዘ ስላልነበረ፣ ሕጉ በአንድ ብዕር ምት የአብዛኛውን ሰው ይዞታ የመንግሥት አደረገው። በካርቱም ዳርቻ ራኩባ የተከለ ሰው እንግዲህ ሃያ ዓመት ቢኖርበት እንኳ በሕግ ዓይን ትናንት የመጣ ወራሪ ነበር። በሀገራችን በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑ ይታወሳል። መሬትን የመንግሥት በማድረግ ሁለቱ ሕጎች ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው፤ የእኛ ድኻ በቀበሌ ቤት በጥቂት ብር ኪራይ ቢኖር፣ በየወሩ የሚቀበለው የኪራይ ደረሰኝ ቢያንስ የሚኖርበትን ቤት ቁጥርና የእርሱን ስም አንድ ላይ ይዞለት ነበር። የጣራው ቆርቆሮ ያፈስስ ይሆናል፤ የወለሉም ጭቃ ያረጀ ይሆናል፤ ሆኖም ሰውየው አቤት የሚልበት ቢሮ ነበረው። የሶባው ሰው ስሙና ቤቱ አንድ ላይ የተጻፈበት አንድም ቁራጭ ወረቀት አልነበረውም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የካርቱም አስተዳደር ዳርቻውን ሥርዓት አስይዛለሁ ብሎ ተነሣ። ለተፈናቃዮች ጀበል አውሊያ፣ ማዮ፣ ወድ አልበሽርና ኡምዱርማን አሰላም የተባሉ አራት ሰፈሮችን በይፋ አወቀ። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሁሉ «ዐሽዋኢ»፣ ማለትም ዘፈቀደ ሰፈር፣ ተባለ። ሶባ አራዲ ከዘፈቀዶቹ አንዱ ነበር። ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። ቡልዶዘር መጥቶ ቤቱን ያፈርሳል፤ መንገድ ይቀየሳል፤ መሬቱ ተሸንሽኖ ለነዋሪው ይታደላል። ሐሳቡ በራሱ ክፉ ነው ለማለት አይቻልም፤ መንገድ በሌለበት ሰፈር የእሳት አደጋ መኪናም አምቡላንስም አይገባም። ጭንቁ የሚመጣው ሽንሽኑን ለማግኘት ከሚጠየቀው ማስረጃ ላይ ነው፤ የዜግነት ሰነድ፣ የጋብቻና የልጆች ማስረጃ፣ ከዚህን ያህል ዓመት በፊት እዚህ መኖሩን የሚያሳይ ወረቀት፣ በዚያም ላይ የሚከፈል ገንዘብ። መንደሯ ስትቃጠል ሸሽታ የመጣች እናት የጋብቻ ወረቀት ከየት ታመጣለች? ባሏ የሞተባት ወይም ያለበት ያልታወቀ ሴት በተራ ጥበቃው ላይ ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህም ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሽንሽን የሚገኝበት ቀን ግን ለአንዳንዱ ጨርሶ አልመጣም።

ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ቆይቶ ግንቦት 10 ቀን 1997 ዓ.ም. በሶባ አራዲ ፈነዳ። የደቡቡ ጦርነት በስምምነት ካበቃ አራት ወር ያህል ሆኖት ነበር፤ ሕዝቡም የተሻለ ቀን የጠበቀበት ወቅት ነው። በዚያን ዕለት ፖሊስ ነዋሪዎችን ሊያነሣ ወደ ሰፈሩ ገባ። ግጭቱ ሲነሣ የተገደሉት ፖሊሶች ዐሥራ አራት ሲሆኑ ከነዋሪዎቹም ወገን፣ ልጆች ጭምር፣ ሞቱ። የፖሊስ ጣቢያው ተቃጠለ። ከቀናት በኋላ ብዙ ሠራዊት ሰፈሩን ከብቦ ቤት ለቤት ፈተሸ፤ ብዙ ሰዎችም ታሰሩ።

የሞቱትን ፖሊሶች ማንነት በተመለከተ ዝም ማለት ደግ አይሆንም። ለእንደዚህ ያለ ሥራ ወደ ሰፈር የሚላከው ተራ ፖሊስ ደመወዙ ጥቂት፣ የራሱም ቤት ብዙ ጊዜ ከዚያው ዓይነት የጭቃ ቤት የማይሻል ሰው ነው። ትእዛዙን የፈረመው ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ጠመንጃ የያዘውና ጭቃ ያቦካው ሁለቱ ድኾች ሲፋጁ፣ ጉዳዩ በጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ ይችል የነበረ የሽንሽንና የወረቀት ጉዳይ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። መቼ እንደሚነሡ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ በሄዱበትም ውሃና ትምህርት ቤት መኖሩን አስቀድሞ ቢነገራቸው ኖሮ ነገሩ ወደ ደም ይደርስ ነበር ብለን አናምንም። በዚያው ዓመት ክረምት ኡምዱርማን አጠገብ የነበረው የሺካን ሰፈር ነዋሪዎችም በጭነት መኪና ተጭነው አልፋትሕ ወደሚባለው፣ ከከተማው እጅግ ወደ ራቀ በረሃማ ሥፍራ ተወስደዋል። የቀን ሠራተኛ እዚያ ሆኖ ወደ ከተማ ሥራ ለመምጣት የሚከፍለው የአውቶቡስ ዋጋ ከቀን ገቢው ላይ ብዙውን ይወስድበታል። ከሥራ ርቆ የተሰጠ መሬት ብዙዎች ትተውት የተመለሱትም በዚህ የተነሣ ነው።

ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ወረቀቱ ሌላ ፈተና ይዞ መጣ። በካርቱም የነበሩ ደቡባውያን በአንድ ጀምበር የውጭ ሀገር ሰዎች ሆኑ። ብዙዎች ወደ ሀገራችን እንሄዳለን ብለው ያላቸውን ሸጠው፣ አልጋና በር ሳይቀር ነቅለው፣ በካርቱም ዙሪያ በተዘጋጁ መነሻ ሥፍራዎች መጓጓዣ እየጠበቁ በሜዳ ላይ ወራት ቆዩ። የሄዱትም ቢሆኑ ከሁለት ዓመት በኋላ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ አያሌዎቹ ተመልሰው መጡ። በዚህን ጊዜ ስማቸው ስደተኛ ሆነ። አንድ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ጭቃ ላይ፣ ዜጋ ተፈናቃይ፣ ከዚያ ባዕድ፣ ከዚያ ስደተኛ ተባለ።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች እንምጣ።

ከሀገራችን ወደ ሱዳን የተሰደደው ሕዝብ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጦርነትና በፖለቲካ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በረሃብ የተገፋው እንደነበር ይታወቃል። ኡም ራኩባ፣ ወድ ሸሪፌና ሸገራብ የሚባሉት የምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ስም በብዙ የሀገራችን ቤት ይታወቃል። ኡም ራኩባ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት ዳግመኛ ተከፍቶ ሰው ተቀብሏል። ሱዳን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ባወጣችው የጥገኝነት ሕግ መሠረት ስደተኛው የሚኖረው በተመደበለት ካምፕ ነበር፤ ወደ ካርቱም ለመምጣት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ጉዳዩን የሚያየው የስደተኞች ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከጎኑ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ይሠራል። ይሁን እንጂ በካምፕ ሥራ የለምና ወጣቱ ወደ ካርቱም መምጣቱ አልቀረም። ዴይም፣ ጅሬፍና ሰሐፋ በሚባሉት ሰፈሮች ዐማርኛና ትግርኛ የሚሰማባቸው፣ እንጀራ የሚሸጥባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው መንገዶች ነበሩ።

ያለ ፈቃድ የመጣ ሰው ድርጅት ደጅ ሄዶ ጣራ ስጡኝ ሊል አይችልም፤ የሚሰጠው መልስ ወደ ካምፕህ ተመለስ የሚል ነው። ስለዚህ መጠለያውን የሚያገኘው ከወገኑ ነበር። አንድ ክፍል ለስድስት፣ ለስምንት ሆኖ መከራየት የተለመደ ነው። ሌሊት የሚሠራው ቀን ይተኛል፤ ቀን የሚሠራው ሌሊት፤ ፍራሹ አይበርድም ይባል ነበር። አዲስ የመጣ ልጅ ሥራ እስኪያገኝ የኪራይ ድርሻ አይጠየቅም፤ ቤት ያጸዳል፣ ወጥ ይሠራል። ሥራ ሲይዝ ደግሞ እርሱ ሌላ አዲስ ሰው ይቀበላል።

የሴቶቹ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ደመወዟና ጣራዋ አንድ ናቸው። አሠሪዋ ያባረራት ዕለት ሥራ ብቻ ሳይሆን ማደሪያ አጥታ፣ ፌስታል ይዛ በመንገድ ላይ ትቆማለች። ይህን የሚያውቁ እህቶች ያዘጋጁት ዘዴ አለ። በቀጣሪ ቤት የሚያድሩ አምስት ስድስት ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ክፍል ይከራያሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዕረፍታቸው፣ እዚያ ተገናኝተው ቡና ያፈላሉ፤ የቀረውን ቀን ክፍሏ ባዶዋን ትቆያለች። ለማያውቅ ሰው ከንቱ ወጪ ይመስላል። ግን ከመካከላቸው አንዷ የተባረረች፣ የታመመች፣ ወይም ግፍ የደረሰባት ዕለት ቁልፏን ይዛ የምትገባበት በር ያ ነው። በመንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡት እህቶችም ዕቁባቸው ነበራቸው፤ ሱዳናውያኑ ሰንዱቅ ይሉታል። ደንብ አስከባሪ ማንደጃና ብርጭቆ የወሰደባት ሴት የሰንዱቁ ተራ ቀድሞ ይሰጣታል። ለሞተ ደግሞ ዕድር ነበረ። በተጻፈ ሕግ የማይታወቅ ቢሆንም፣ ለእኛ ሰዎች የቀረበ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ከዚህ የተሻለ አልነበረም ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ይህ የወገን ጥላ ግን የማይሸፍነው ነገር አለ። ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ስደተኝነታቸው የሚያበቃበት ውሳኔ በ1992 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል፣ ወደ ሀገር መግባት ያልቻሉ ወይም ያልፈለጉ ብዙ ሰዎች ካርዳቸው ዋጋ አጣ። ካርዱ ሲጠፋ የሕክምናው፣ የትምህርት ቤቱ፣ በፖሊስ ፊት የመቆሚያው ነገር አብሮ ይጠፋል። ጓደኛ ፍራሽ ያካፍላል እንጂ ካርድ አያካፍልም።

በሶባ አካባቢ መጠለያ ያጣ ሰው ሌላ የሚያንኳኳው በር ምን ነበር ቢባል፣ የሃይማኖት ሰዎች በር ነው። በሱዳን የሱፊ ሼኮች መኖሪያ መሲድ ይባላል። መንገደኛ ያድርበታል፣ ደረሳ ይማርበታል፤ ቁርዓን ለሚቀሩት ልጆች ሌሊት የሚነድደው እሳት አይጠፋም። ከሶባ ምሥራቅ ብዙ የማይርቀው የኡም ደዋን ባን መሲድ በዚህ የታወቀ ነው። የሚመጣውን የሚያበላው ማድ ቤት ተኪያ ይባላል፤ በትልልቅ ድስት ዐሲዳ፣ ማለትም ገንፎ፣ ከወጥ ጋር ይቀርባል፤ ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። የካርቱም ካቶሊክ ሀገረ ስብከትም ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተፈናቃይ ሰፈሮች ትምህርት ቤቶች ከፍቶ፣ በሳር ዳስ ሥር ልጆችን ያስተምርና ይመግብ ነበር። ሰፈር ሲፈርስ ዳሱም አብሮ ፈረሰ፤ ሰዎቹ በሄዱበት ደግሞ ተተከለ። የሱዳን ቀይ ጨረቃና የዘካት መሥሪያ ቤትም የየድርሻቸውን ሠርተዋል። ሆኖም እነዚህ ሁሉ የሚሰጡት የዛሬን ማደሪያና ማዕድ ነው፤ የነገን አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ በመጀመሪያው ዕለት ተኩስ ከተሰማባቸው ሥፍራዎች አንዱ በሶባ የነበረው የፈጥኖ ደራሹ ካምፕ ነው። ከዚህ ቀን በኋላ ቤት ያለውና የሌለው ልዩነት አጣ። ሽንሽን ያለው፣ ካርታ ያለው፣ ባለ ፎቅ ቤት ያለው ሁሉ በሩን ቈልፎ ወጣ፤ ብዙው ሲመለስ በሩም ቁልፉም አልነበረም። በማይጎማ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ሞግዚቶች ሊደርሱ ባለመቻላቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከኀምሳ በላይ ሕፃናት በረሃብና በሕመም ሞቱ። የተረፉት ወደ ወድ መደኒ ተወሰዱ። ለመሸሽ የመኪና ዋጋ ያልነበረው የዳርቻው ድኻ ግን ባለበት ቀረ። በመስከረም ዋዜማ፣ በዚያው 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በማዮ ቆሮ ገበያ ላይ በወረደው የአየር ጥቃት ከአርባ በላይ ሰዎች ሞቱ።

በዚህ ጊዜ መንግሥትም ድርጅትም በካርቱም ሊሠሩ ባልቻሉበት ሰዓት ሥራውን የያዙት የሰፈር ወጣቶች ናቸው። የአደጋ ጊዜ ክፍሎች ይባላሉ። የየሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ትምህርት ቤቶችን ለተፈናቃይ ከፈቱ፤ ውሃ ቀዱ፤ ሐኪምና መድኃኒት አፈላለጉ፤ ተኪያ የሚለውን የመሲድ ስም ወስደው የሰፈር ማድ ቤቶችን አቋቋሙ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው በውጭ ካሉ ሱዳናውያንና ከውጭ እርዳታ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ አብዛኞቹ ማድ ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድስታቸውን አወረዱ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው የስዊድን ሽልማት ለእነዚሁ ክፍሎች ተሰጥቷል። ሽልማቱ ይገባቸዋል፤ ድስቱን ግን ሽልማት ብቻውን አይሞላውም።

በካርቱም የነበሩ የእኛ ሰዎች ያን ጊዜ ዳግመኛ ተሰደዱ፤ የዚህ ስደት አቅጣጫ ወደ ሀገር ነበር። በገዳሪፍ አድርገው መተማ ደረሱ። በመተማ በኩል የገባው ሕዝብ ከስልሳ በላይ የሆኑ ሀገሮች ዜጎችን ያካተተ ሲሆን፣ ሱዳናውያኑና ሌሎቹ ስደተኞች በመጀመሪያ በመተማ መቀበያ፣ በኋላም ኩመርና አውላላ በተባሉት ጣቢያዎች ሰፈሩ። ጣቢያዎቹ ጣራ ሰጡ፤ ጸጥታ ግን አልሰጡም። ዝርፊያ፣ አፈናና ግድያ በመደጋገሙ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ጣቢያውን ጥለው በመንገድ ዳርና በጫካ ውስጥ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ክረምት አፍጢጥ ወደተባለ አዲስ ጣቢያ ተዛወሩ። በዚህ ወረዳ በጥበቃ ላይ የተሰማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ለስደተኛው ከላስቲክ ድንኳኑ ቀድሞ የሚያስፈልገው ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ዛሬ ከሱዳን የሚመለስ ዘመድ ያላቸው፣ ወይም በጠረፍ ከተማ እንግዳ የሚቀበሉ አንባቢዎቻችን ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ኢትዮጵያዊ ተመላሽ ከሆነ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በመተማ መዝግቦ ወደ ትውልድ አካባቢው የሚሄድበትን መጓጓዣ ሲረዳ ቆይቷል፤ ስለዚህ ድንበሩን ተሻግሮ ሳይመዘገብ ወደ መሐል ሀገር የሚገሠግሥ ሰው ይህ እርዳታ ያመልጠዋል። የውጭ ሀገር ሰው ከሆነ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ከከፍተኛ ኮሚሽነሩ ጋር ሆኖ ይመዘግባል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110ም መብቱን ይዘረዝራል። በመንገድ ላይ ልጁን ወይም ወላጁን የተለየ ሰው ለቀይ መስቀል ስሙንና የጠፋበትን ሥፍራ ቢያስመዘግብ የማፈላለግ አገልግሎቱ ገንዘብ አይጠየቅበትም። የድሮ የስደተኛ ካርድ፣ የክትባት ወረቀት፣ የልጅ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የተቀደደም ቢሆን፣ አይጣል፤ ቀን የቈጠረ ወረቀት ሁሉ አንድ ቀን ይጠየቃል። በሴቶቹ በኩል ደግሞ፣ በኮንትራት ወደ ሌላ ዐረብ ሀገር የምትሄድ እህት ያችን የጋራ ክፍል የሚያዘጋጁ ወገኖች በምትሄድበት ከተማ መኖራቸውን ከመሄዷ በፊት ጠይቃ ብታውቅ ይጠቅማታል።

የሱዳን ጦር ሠራዊት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን ካስለቀቀ በኋላ ሕዝቡ በብዛት መመለስ ጀምሯል። የተመለሰው ያገኘው የመብራት ሽቦው የተነቀለ፣ ፈንጂ የወደቀበት፣ ኮሌራ የገባበት ሰፈር ነው። በዚያው ዓመት ክረምት የከተማው አስተዳደር ዘፈቀደ ሰፈሮችን የማፍረሱን ዘመቻ እንደገና መጀመሩም ተዘግቧል። የሚጠየቀው ማስረጃ ያው የቀድሞው ነው። ነገር ግን በጦርነቱ ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ከአልጋውና ከድስቱ ጋር ያን ወረቀትም አጥቷል።

በእኛ በኩል ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምድር የሚወለድ የስደተኛ ልጅ በክብር መዝገብ ይመዘገባል፤ የልደት የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። እናቱ በሶባ ሃያ ዓመት ኖራ ያላገኘችውን ወረቀት፣ በጠረፍ ድንኳን የተወለደው ልጇ በተወለደ በወራት ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህ ግን አንድ ሰው ወደ መዝጋቢው ዘንድ ይዞት መሄድ አለበት።